የብረት ከተማ እስትንፋስ

ወደ ቀጥቃጭ ቤት ጎራ ብላችሁ ሥራውን ቆማችሁ ተመልክታችሁ እንደ ሆነ፣ ዓይናችሁን አስቀድሞ የሳበው መዶሻው ሳይሆን አይቀርም። የጋለ ብረት በጉጠት ተይዞ ሲጋደም፣ መዶሻው ሲያርፍበትና ብልጭታው ሲበተን ማየት ልብን ይማርካል። በጥግ በኩል ተቀምጦ ወናፉን የሚያናፋውን ልጅ ግን ልብ የሚለው ሰው ጥቂት ነው። ልጁ ሁለቱን የቆዳ ከረጢቶች በየተራ እየከፈተና እየተጫነ አየሩን ወደ ፍሙ ይሰድዳል። እጁን ለጥቂት ጊዜ ቢያሳርፍ ፍሙ ይደክማል፤ የጋለው ብረት ይጠቁራል፤ ቀጥቃጩም መዶሻውን አስቀምጦ ለመጠበቅ ይገደዳል። የቀጥቃጩ ክንድ የቱንም ያህል ቢበረታ፣ ሥራው የተንጠለጠለው በዚያ ልጅ ትጋት ላይ ነው።

በዚህ ምንባብ የምንመለከተው ሌላ ወናፍ ነው። ይህኛው ከቆዳ የተሰፋ ሳይሆን ከብረትና ከጡብ የተገነባ ነው፤ የሚያናፋውም ልጅ ሳይሆን የድንጋይ ከሰል እየበላ የሚሠራ የኤሌክትሪክ ኃይል ማመንጫ ጣቢያ ነው። ቦታው በሩሲያ አገር፣ በደቡባዊው የኡራል ተራሮች ምሥራቃዊ ግርጌ የምትገኘው የማግኒቶጎርስክ ከተማ ናት። (በሌላ አኳኋን ካልተገለጸ በቀር፣ በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ልብ በሉ።)

ከተማዪቱ ስሟን ያገኘችው ከአጠገቧ ከሚገኘው ከማግኒትናያ ተራራ ሲሆን፣ ትርጉሙም የማግኔት ተራራ ማለት ነው። የተራራው ድንጋይ በብረት ማዕድን እጅግ የበለጸገ ነበር። እስከ 1929 ድረስ ግን በዙሪያው ከአንዲት አሮጌ መንደርና ከሣር ሜዳ በስተቀር የሚታይ ነገር አልነበረም። በዚያ ዓመት የባቡር ሐዲድ ወደ ስፍራው ደረሰ፤ የሶቪዬት ኅብረት መንግሥትም በዓለም ላይ ካሉት የብረታ ብረት ፋብሪካዎች ከትልልቆቹ ጋር የሚስተካከል ድርጅት በዚህ ምድረ በዳ ላይ ለማቆም ቆርጦ ተነሣ። አርአያ እንዲሆን የተመረጠው በአሜሪካ፣ በኢንዲያና ክፍለ ግዛት የሚገኘው የጌሪ የብረት ፋብሪካ ነበር። በ1930ም ክሊቭላንድ ከሚባለው የአሜሪካ ከተማ ከአርተር ማኪ ኩባንያ ጋር የፕላን ሥራ ውል ተፈረመ።

ይሁን እንጂ አንድ ታላቅ ችግር ነበር። ማዕድኑ በዚያ አለ፤ የሚያቀልጠው ከሰል ግን በአጠገቡ የለም። ለሥራው ተስማሚ የሆነው የድንጋይ ከሰል የሚቆፈረው በምዕራብ ሳይቤሪያ፣ በኩዝኔትስክ ነበር፤ ይህም ከማግኒቶጎርስክ ከ2,000 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል። የርቀቱን መጠን ለመገመት የሚሻ ተማሪ፣ የቀድሞውን የአዲስ አበባና የጅቡቲ የባቡር መስመር ሁለት ጊዜ ተኩል አስረዝሞ ያስብ። እቅድ አውጪዎቹ ለዚህ ያገኙት መላ ብልኀት አይጎድለውም፤ ባቡሮቹ ከሰል ጭነው ወደ ምዕራብ ይመጡና፣ ሲመለሱ ባዶአቸውን ከመሄድ ይልቅ የብረት ማዕድን ጭነው ወደ ኩዝኔትስክ ይመለሱ ነበር። በዚያም ሌላ የብረት ፋብሪካ ይሠራ ስለ ነበር፣ አንዱ ባቡር ሁለት ፋብሪካዎችን መገበ ማለት ነው። ቆየት ብሎ ደግሞ ርቀቱ በግማሽ ያህል ከሚያንሰው ከካራጋንዳ ከሰል ይመጣ ጀመር።

እንግዲህ ራሳችሁን በግንበኞቹ ቦታ አድርጋችሁ አስቡ። በባዶ ሜዳ ላይ የብረት ፋብሪካ ለመሥራት ብትታዘዙ መጀመሪያ ምን ትሠሩ ነበር? ብዙዎቻችሁ ማቅለጫውን ምድጃ ትሉ ይሆናል። ግንበኞቹ ግን ከምድጃው በፊት ያጣደፉት ውሃንና ኃይልን ነበር። በ1931 በኡራል ወንዝ ላይ አንድ ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት ያለው ግድብ ተሠርቶ ውሃው እንዲጠራቀም ተደረገ። በዚያው ዓመት ማእከላዊው የኤሌክትሪክ ጣቢያ ሥራውን ጀመረ። በአካባቢው ኃይል የሚበደርበት ከተማም ሆነ የሽቦ መስመር ስላልነበረ፣ ፋብሪካው የራሱን ወናፍ ይዞ መወለድ ነበረበት።

ይህንን የገነቡት እነማን እንደ ነበሩ ሳይናገሩ ማለፍ ፍርደ ገምድልነት ይሆናል። ከገንቢዎቹ መካከል በገዛ ፈቃዳቸውና በታላቅ ተስፋ የመጡ ወጣቶች ብዙ ናቸው። ነገር ግን ባለጸጋ ገበሬዎች ናችሁ ተብለው ከመሬታቸው ተነቅለው፣ ከነልጆቻቸው በግዳጅ የተጋዙ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎችም ነበሩ። በዚያ አገር የክረምት ብርድ ከዜሮ በታች እስከ 40 ዲግሪ ሊወርድ ይችላል። እነዚህ ሰዎች የመጀመሪያዎቹን ክረምቶች ያሳለፉት በድንኳንና በሳንቃ መጠለያ ውስጥ ሲሆን፣ ከመካከላቸው በተለይም ከሕፃናቱ ብዙዎች ሞተዋል። ስለ ማግኒቶጎርስክ በሚነገረው የድል ታሪክ ውስጥ ይህ ክፍል ለረጅም ዓመታት አይነሣም ነበር።

አሁን ወደ ጣቢያው ውስጥ ገብተን አሠራሩን እንመልከት። ከሰሉ በባቡር ፉርጎ ተጭኖ ይደርሳል፤ በክረምት ከሆነ በውስጡ ያለው እርጥበት በረዶ ሆኖ እርስ በርሱ ስለሚያጣብቀው፣ ሳይሞቅ ወይም ሳይፈለጥ ከፉርጎው አይወርድም። ከወረደ በኋላ በሚሽከረከር ወፍጮ ውስጥ ገብቶ እንደ ዱቄት እስኪልም ድረስ ይፈጫል። ከሰልን እንደ እህል መፍጨት ያስገርም ይሆናል፤ ምክንያቱ ግን ቀላል ነው። ወፍራም ግንድ በዝግታ ሲነድ፣ ፍልጡ ፈጥኖ ይነድዳል፤ የተበተነ ሰጋቱራ ደግሞ እሳት ሲነካው ቦግ ይላል። ከሰሉም የተፈጨው እያንዳንዱ ቅንጣት አየር በዙሪያው አግኝቶ በአንድ አፍታ እንዲቃጠል ነው። ዱቄቱ ከአየር ጋር ተቀላቅሎ እንፋሎት ማፍያ ወይም ቦይለር ወደሚባለው ከፍተኛ ክፍል ይነፋና በአየር ላይ እንደ ተንሳፈፈ ይነድዳል።

የቦይለሩ ግድግዳ በውሃ የተሞሉ ቧንቧዎች የተደረደሩበት ነው። ውሃው ፈልቶ እንፋሎት ይሆናል። ጀበና ሲፈላ እንፋሎቱ በአንገቱ በኩል ውታፉን ገፍቶ ሲያስወጣ አይታችሁ ይሆናል፤ ያ ኃይል በወፍራም ብረት ታፍኖ፣ ደግሞም ግለቱ በብዙ መቶ ዲግሪ ሴንቲግሬድ እስኪደርስ ድረስ ጨምሮ ሲገኝ ምን ያህል እንደሚበረታ ገምቱ። እንፋሎቱ ተርባይን የሚባለውን ባለብዙ ቅጠል መዘውር ያዞራል፤ መዘውሩም ከጄኔሬተሩ ጋር በአንድ ዘንግ የተያያዘ ስለ ሆነ ሁለቱ አብረው ይሽከረከራሉ። በደቂቃ 3,000 ጊዜ የሚዞር ጄኔሬተር በሰኮንድ 50 ጊዜ የሚመላለስ ኤሌክትሪክ ይሰጣል፤ በቤታችሁ አምፑል ውስጥ የሚያልፈውም በዚሁ ልክ የሚመላለስ ነው። ሥራውን የጨረሰው እንፋሎት ደግሞ ቀዝቃዛ ውሃ በሚያልፍባቸው ቧንቧዎች ላይ ሲያርፍ ተመልሶ ውሃ ይሆንና እንደ ገና ወደ ቦይለሩ ይላካል። ማቀዝቀዣው ውሃ የሚቀዳው ከግድቡ ነው፤ ግድቡ ከምድጃው የቀደመበት አንዱ ምክንያትም ይህ ነው።

በዚህ ሁሉ ሂደት ከከሰሉ ሙቀት ኤሌክትሪክ የሚሆነው በዚያን ዘመን ጣቢያዎች ከሦስት እጅ አንዱን እንኳ አይሞላም ነበር። የቀረው በጭስ መውጫው ወደ ሰማይ፣ በማቀዝቀዣው ውሃ ወደ ኩሬው ይሄዳል።

እስከዚህ የተነገረው ለማንኛውም የከሰል ኃይል ጣቢያ የሚስማማ ነው። የብረት ፋብሪካን ጣቢያ ልዩ የሚያደርገው ግን ኤሌክትሪክ ብቻ የሚሰጥ አለመሆኑ ነው። ከቦይለሮቹ የሚወጣው እንፋሎት ከፊሉ ጄኔሬተር ከማዞር ይልቅ ታላላቅ የአየር መንፊያዎችን ያዞራል። ቀደም ብለን ያነሣነው ወናፍ እንግዲህ ይህ ነው። የማግኒቶጎርስክ የመጀመሪያዎቹ ምድጃዎች እያንዳንዳቸው በቀን 1,000 ቶን ያህል ጥሬ ብረት እንዲሰጡ የታቀዱ ነበሩ። ይህን ለማድረግ በየደቂቃው ከ2,000 ሜትር ኩብ የማያንስ አየር ያስፈልጋል። የመማሪያ ክፍላችሁ ርዝመት 8 ሜትር፣ ወርዱ 7 ሜትር፣ ቁመቱ 3 ሜትር ቢሆን፣ በውስጡ ያለው አየር 168 ሜትር ኩብ ነው። እንግዲያውስ አንድ ምድጃ 12 መማሪያ ክፍሎች የሚይዙትን አየር በአንድ ደቂቃ ውስጥ ይተነፍሳል ማለት ነው፤ ቀንም ሌሊትም፣ በበዓልም በሰንበትም። በሒሳቡ መሠረት በምድጃው ውስጥ ከሚያልፉት ነገሮች ሁሉ በክብደት የሚበልጠው ማዕድኑ ወይም ከሰሉ ሳይሆን አየሩ ነው። ለእኔ ከዚህ ሁሉ አሠራር የሚደንቀኝ ይህ ነው፤ በዓይን የማይታየው ነገር ከድንጋዩ ሁሉ ሚዛን ደፍቶ መገኘቱ።

አየሩ ወደ ምድጃው ከመግባቱ በፊት በጋለ ጡብ መካከል እያለፈ ይሞቃል። በምድጃው ውስጥ የሚጠብቀው ደግሞ የብረት ማዕድን፣ የኖራ ድንጋይና ኮክ የሚባለው ነዳጅ ነው። ኮክ ምን እንደ ሆነ ለመረዳት ከሰል ሲከስል ያያችሁ ሁሉ አትቸገሩም። ባላገር እንጨት ከምሮ፣ በቅጠልና በአፈር ከድኖ፣ አየር ሳይገባው በዝግታ ሲያከስለው፣ ጭሱና እርጥበቱ ይወጡና ንጹሕና ብርቱ ፍም የሚሰጠው ከሰል ይቀራል። የድንጋይ ከሰልም እንዲሁ በተዘጋ መጋገሪያ ውስጥ ከ1,000 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሚበልጥ ሙቀት ሲከስል ኮክ ይሆናል። ልዩነቱ ባላገሩ ጭሱን ለነፋስ ሲለቀው፣ የብረት ፋብሪካው ግን አጣርቶ በቧንቧ መያዙ ነው፤ ምክንያቱም ያ ጭስ ራሱ የሚነድ ጋዝ ነው።

በማቅለጫው ምድጃ ውስጥ ኮኩ በጋለው አየር ሲቃጠል ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል ጋዝ ይወለዳል። ይህ ጋዝ ወደ ላይ ሲወጣ ከማዕድኑ ጋር የተጣበቀውን ኦክስጅን ነጥቆ ብረቱን ነጻ ያወጣዋል። ቀልጦ ወደ ታች የሚንጠባጠበው ጥሬ ብረት በምድጃው እግር ሲጠራቀም ሙቀቱ 1,500 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል ይሆናል። ጋዙ ግን ኃይሉ ሁሉ አያልቅም፤ ምድጃውን ለቆ ሲወጣ ከአምስት እጅ አንድ የሚሆነው ገና ካርቦን ሞኖክሳይድ ነው። በቤት ውስጥ መስኮትና በር ዘግተው ከሰል ያነደዱ ሰዎች ሳይነቁ የሚቀሩት በዚሁ ጋዝ ምክንያት ነው፤ ሽታም ቀለምም የለውምና። ስለዚህ በፋብሪካው ጋዙን የሚሸከሙት ቧንቧዎች በንቃት ይጠበቃሉ፤ በአጠገባቸው የሚሠራ ሰውም ለብቻው አይላክም።

ጋዙ ወዴት ይሄዳል? ከፊሉ አየር ማሞቂያውን ጡብ ለማጋል ይውላል፤ ሌላው ታጥቦና አቧራው ተለይቶ ወደ ኃይል ጣቢያው ቦይለሮች ይመለሳል። ሙቀት ሰጪነቱ ደካማ ነው፤ በተመሳሳይ መጠን ካለ የተፈጥሮ ጋዝ ጋር ቢነጻጸር አንድ አሥረኛውን ያህል ብቻ ቢሰጥ ነው። ብዛቱ ግን ድካሙን ያካክሳል፤ በዘመናዊ ምድጃ እንኳ ለአንድ ቶን ጥሬ ብረት 1,500 ሜትር ኩብ ያህል ጋዝ ይወጣል። በዚህ ምክንያት የእንዲህ ያለ ጣቢያ ቦይለር ሁለት ዓይነት ቀለብ ይመገባል፤ ጋዙ በበቂ ሲመጣ ጋዙን፣ ሲጎድል ደግሞ የከሰል ዱቄቱን።

እዚህ ላይ ቆም ብላችሁ ነገሩን መልሳችሁ አያይዙት። ጣቢያው ለምድጃው አየር ይሰጣል፤ ምድጃው ለጣቢያው ጋዝ ይመልሳል፤ ጋዙ እንፋሎት ይሆናል፤ እንፋሎቱም ተመልሶ አየር ይነፋል። ቀለበት ነው። እንደ ቀለበትነቱም ቆጣቢ ነው፤ ሊባክን ይችል የነበረ ሙቀት ሥራ ይሠራበታል። ነገር ግን ቀለበት በአንድ በኩል ሲቆረጥ በሁሉም በኩል ይፈታል።

የአየር መንፊያዎቹ ለጥቂት ደቂቃዎች ቢቆሙ ምን ይሆናል? የአየሩ ግፊት የደገፈው ቀልጦ ያለ ነገር ወደ ኋላ ተመልሶ በአየር ማስገቢያዎቹ አፍ ውስጥ ሊፈስ ይችላል። ግፊቱን ያጣው ጋዝም ከአየር ጋር ከተቀላቀለ ሊፈነዳ ይችላል። የኤሌክትሪክ ኃይል ተቋርጦ የውሃ መግፊያዎቹ ከቆሙ ደግሞ አደጋው ይብሳል፤ የምድጃውን ግድግዳ ከመቅለጥ የሚጠብቀው በውስጡ የሚዘዋወረው ቀዝቃዛ ውሃ ነውና። መቋረጡ እየረዘመ በሄደ መጠን በምድጃው ሆድ ያለው ብረት ይረጋል። አንድ ጊዜ የረጋ ብረት እንደ ቀዘቀዘ ገንፎ ተጨልፎ አይወጣም፤ በኦክስጅን እሳት ወይም በፈንጂ እየተቆረጠ ሊወጣ ግድ ይሆናል፤ ለዚህም ሳምንታት፣ አንዳንድ ጊዜም ወራት ይፈጃል። ስለዚህ የማቅለጫ ምድጃ እንደ ምጣድ ማታ ጠፍቶ ጧት የሚለኮስ አይደለም። አንድ ጊዜ ከተቀጣጠለ ለዓመታት ሳይጠፋ ይነድዳል። ጣቢያውም ብዙ ቦይለሮችና ብዙ ተርባይኖች እንዲኖሩት የሚደረገው፣ አንዱ ለጥገና ቢቆም ሌላው ሸክሙን እንዲወስድ ነው።

የማግኒቶጎርስክ ሰዎች ይህን ትምህርት የተማሩት ገና በመጀመሪያው ምድጃ ነው። ሥራው በ1932 መጀመሪያ ላይ ተጠናቀቀ በተባለ ጊዜ አገሩ በከባድ ብርድ ተይዞ ነበር። አሜሪካውያኑ መሐንዲሶች ብርዱ እስኪያልፍ ምድጃው እንዳይለኮስ መከሩ። አለቆቹ ግን የተቆረጠው ቀን እንዲያልፍባቸው አልፈለጉም፤ ምድጃው በጥር መጨረሻ ተለኮሰ፤ በየካቲት መግቢያም የመጀመሪያው ብረት ፈሰሰ። ፎቶግራፍ ተነሣ፤ ዜናውም በአገሩ ሁሉ ተነዛ። ብዙም ሳይቆይ ግን ምድጃውን ለጥገና ማቆም ግድ ሆነ። ይህን የመሰለ ጥድፊያ በሌላም አገር፣ በሌላም ዘመን የምናየው ነው፤ የምርቃት ቀን ከመሣሪያው ጤንነት በላይ ሲከበር።

ስለ ጣቢያው ሠራተኞች ጥቂት ቃል ልጨምር። ከኃይል ጣቢያው ኤሌክትሪክ ከፍተኛውን ድርሻ ከሚወስዱት አንዱ ብረቱን የሚዳምጠው ክፍል ነው። የጋለው የብረት ግንድ በሁለት ከባድ መዳመጫዎች መካከል በገባ ጊዜ ሞተሩ በድንገት ታላቅ ኃይል ይጠይቃል፤ ብረቱ ሲወጣ ፍላጎቱ እንደ ገና ይወድቃል። በመቆጣጠሪያው ክፍል ያለው ተረኛ የሚያየው መርፌው ሲዘልና ሲወርድ ነው። ብረቱን ሳያይ፣ መዳመጫውንም ሳይሰማ፣ በመርፌው ዝላይ ብቻ በፋብሪካው ውስጥ ምን እየተሠራ እንዳለ ለማወቅ ይችላል። የቀጥቃጩ ወናፍ አናፊም ቢሆን የጌታውን ሥራ የሚያውቀው በዓይኑ ሳይሆን በመዶሻው ድምፅ ነው።

በ1941 ጀርመን ሶቪዬት ኅብረትን በወረረች ጊዜ የዚህ ጣቢያ ሸክም እጅግ ከበደ። በምዕራብ በኩል የነበሩት የብረትና የኃይል ማእከሎች አንድ በአንድ ከእጅ ወጡ፤ ታላቁ የድኒፐር ግድብ እንኳ በነሐሴ 1941 በጠላት እጅ እንዳይገባ በራሱ አገር ሠራዊት ፈረሰ። ከጦርነቱ በፊት ለታንክ የሚሆን ጥሩር ያልዳመጡት የማግኒቶጎርስክ ሠራተኞች፣ ለሌላ ሥራ በተሠራ መዳመጫ ጥሩር ማውጣት ጀመሩ። በጦርነቱ ከተሠሩት የሶቪዬት ታንኮች ግማሽ ያህሉ ከዚህች ከተማ ብረት የተሠሩ ናቸው ተብሎ ይነገራል። በ1979 በከተማዪቱ የቆመው ሐውልት አንድ ሠራተኛ ሰይፍ ለወታደር ሲያቀብል ያሳያል። በሐውልቱ ላይ ቦይለርም ሆነ ተርባይን አልተቀረጸም፤ ያ ሰይፍ ግን ያለ እነርሱ ባልተሠራ ነበር።

ኃይል ጣቢያው ለከተማዪቱ ሕዝብ ሁለት ነገር ሰጥቷል፤ አንዱ የሚወደድ፣ ሌላው የማይወደድ። የሚወደደው ሙቀት ነው። በተርባይኑ ውስጥ ሥራውን የጨረሰ እንፋሎት ገና ብዙ ሙቀት ስለሚይዝ፣ በእርሱ የሞቀ ውሃ በቧንቧ ወደ መኖሪያ ቤቶች ይላካል፤ ውጪው በረዶ ሆኖ ሳለ በቤት ውስጥ ያለ ሰው በሸሚዝ ይቀመጣል። የማይወደደው ጭሱ ነው። ከከሰሉ የሚወጣው ዐመድና የድኝ ጋዝ፣ ከኮክ መጋገሪያውና ከምድጃዎቹ ከሚነሣው አቧራ ጋር ተደርቦ በከተማዪቱ ላይ ያንዣብብ ነበር። ፋብሪካው የቆመው ከኡራል ወንዝ በስተምሥራቅ፣ በእስያ በኩል ነው። መጀመሪያ ሠራተኛው የሚኖረው ከፋብሪካው አጥር ሥር ነበር፤ በኋላ ግን አዲሶቹ ሰፈሮች ወንዙን ተሻግረው በምዕራቡ፣ በአውሮፓ በኩል ተሠሩ። እንግዲህ በየጧቱ ከአንድ አህጉር ወደ ሌላው በድልድይ ተሻግሮ ሥራ የሚገባ ሕዝብ ተፈጠረ። ጭሱ ግን ድልድይ አያስፈልገውም፤ ነፋሱ ሲዞር ወንዙን ይሻገራል።

ከ1960ዎቹ ወዲህ የተፈጥሮ ጋዝ በረጅም ቧንቧ ወደ ኡራል አገር ስለ ደረሰ፣ የፋብሪካው ጣቢያዎች ለከሰል ዱቄት የነበራቸው ፍላጎት እየቀነሰ ሄደ። የማግኔቱ ተራራም በሃያኛው መቶ ዓመት በአብዛኛው ተቆፍሮ አለቀ፤ ማዕድን ከሌላ ስፍራ፣ ለብዙ ዓመታትም ከካዛክስታን ጭምር ይመጣ ነበር። ተራራው ቢያልቅም ግን ቀለበቱ አልፈረሰም። ከምድጃው የሚወጣው ጋዝ አሁንም ወደ ቦይለር ይሄዳል፤ የኮክ ከሰልም አሁንም በባቡር ይመጣል።

ምናልባት ከመካከላችሁ አንዱ፣ «የእኛ አገር የብረት ፋብሪካዎችስ የከሰል ጣቢያ አላቸውን?» ብሎ ይጠይቅ ይሆናል። በአቃቂ፣ በዱከምና በቢሾፍቱ አካባቢ ያሉት ፋብሪካዎች ብረትን ከማዕድን አያወጡም፤ ቁርጥራጭ ብረት በኤሌክትሪክ ያቀልጣሉ፣ ወይም ከውጭ የመጣውን ብረት አግለው ይዳምጣሉ። ስለዚህ የአየር መንፊያም፣ የምድጃ ጋዝም የላቸውም። ኤሌክትሪካቸው በአብዛኛው ከወንዝ ውሃ የሚገኝ ነው፤ በእኛ አቆጣጠር በጳጉሜን 2017 የተመረቀው የዓባይ ግድብም ለዚሁ የሽቦ መስመር ይሰጣል። ወናፉ ከምድጃው በብዙ መቶ ኪሎ ሜትር ርቆ ተቀምጧል ማለት ነው።

ይህ ልዩነት በአሁኑ ዘመን በዓለም ዙሪያ ብርቱ ክርክር የተነሣበት ነው። በምድጃና በኮክ አንድ ቶን ብረት ሲሠራ ሁለት ቶን ያህል ካርቦን ዳይኦክሳይድ ወደ አየር ይወጣል፤ ይህም ምድርን ከሚያሞቁት ጋዞች ዋናው ነው። ከሰሉን ለመተው የሚፈልግ አገር ግን ቀለበቱን በአንድ በኩል ብቻ ሊፈታው አይችልም። ጣቢያውን ዘግቶ ምድጃውን ቢያቆይ፣ አየሩን የሚነፋው ሌላ ኃይል መፈለግ አለበት፤ ከምድጃው የሚወጣውንም ጋዝ የሚያቃጥልበት ያጣል። ምድጃውን ዘግቶ ጣቢያውን ቢያቆይ ደግሞ ቦይለሮቹ ቀለባቸውን ያጣሉ።

የዚህ ነገር ምሳሌ በብሪታኒያ ታይቷል። በዌልስ አገር በፖርት ታልቦት የሚገኘው የብረት ፋብሪካ እንደ ማግኒቶጎርስክ ሁሉ በምድጃው ጋዝ የሚሠራ የራሱ ኃይል ጣቢያ ነበረው። የመጨረሻው ማቅለጫ ምድጃ መስከረም 30 ቀን 2024 ጠፋ፤ ሥራቸውን ያጡትም ሰዎች ከሁለት ሺህ በላይ ናቸው። በዚያው ዕለት፣ በሌላ የብሪታኒያ ክፍል ራትክሊፍ የሚባለው፣ በአገሪቱ የመጨረሻ የነበረው የከሰል ኤሌክትሪክ ጣቢያ ተዘጋ። በለንደን የመጀመሪያው የሕዝብ የከሰል ጣቢያ ከተከፈተ ከ1882 ጀምሮ 142 ዓመት ተቆጥሮ ነበር።

በፖርት ታልቦት ቁርጥራጭ ብረት በኤሌክትሪክ የሚያቀልጥ አዲስ ምድጃ በ2025 መገንባት ተጀመረ። ይህ ምድጃ ጋዝ አይሰጥም፤ ኃይል ይወስዳል እንጂ። ስለዚህም ከምድጃው ጋር አብሮ እንዲሠራ የታቀደው አዲስ ቦይለር ሳይሆን፣ ከአገሪቱ ጠቅላላ መስመር ኃይል የሚያመጣ የኤሌክትሪክ ሽቦ ነው።